በበረዶ ቤት ያደረ መድኃኒት

ሣህሉ ከደሴ ወደ አሰብ ጉምሩክ ሲዛወር የፈራው ሙቀቱን ነበር። ሙቀቱንስ ለመደው። ገና ሳይነጋ መነሣት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮ ሲዘጋ ገብቶ ጥላ ሥር መጋደም፣ ሲመሽ አልጋን ግቢ አውጥቶ መተኛት፤ ከዚህ የዘለለ ጥበብ የለውም። የመጣበት ግን ጭራሽ ያላሰበው ነገር ነው። በተዛወረ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1947 መስከረም ላይ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን ብርቅዬን ውሃ አልበቃ አላት።

መጀመሪያ እናቷ ላቀች ሳቀችባት። «ባሕሩ ጨው ባይሆን ኖሮ ይህቺ ልጅ ጨርሳው መርከቡ አሸዋ ላይ ይቀር ነበር» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። ልጅቷ እየከሳች ሄዳ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሲንጠለጠል ግን ሳቁ ቀረ። የክሊኒኩ ድሬሰር ክንፈ ትንፋሿን አሸተተና ፊቱ ተለወጠ። «አስመራ ውሰዷት፤ ዛሬ ነገ አትበሉ» አላቸው። በሳምንት አንዴ የሚመጣውን አውሮፕላን ጠብቀው ይዘዋት ሄዱ።

አስመራ ሁለት ሳምንት ተኛች። ሽማግሌው ጣሊያን ሐኪም በአስተርጓሚ እንዲህ ሲል ነገራቸው፤ በሽታው የስኳር በሽታ ነው፣ አይድንም፣ ነገር ግን ሰው ይዞት ይኖራል። ኢንሱሊን የሚባል መድኃኒት ጠዋትና ማታ በመርፌ ትወስዳለች፣ ምግቧ በልክ ይሆናል፣ ጣፋጭ በአፏ አይዞርም። መድኃኒቱ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

«እስከ መቼ ነው የምትወጋው?» አለች ላቀች።

«በሕይወት እስካለች ድረስ» አለ አስተርጓሚው፤ ደግ ነገር የተናገረ መስሎት ነበር።

አሰብ ተመልሰው ኑሮን እንደ አዲስ ተማሩ። በቀን መቶ ወረቀት ላይ ሲፈርም እጁ የማይዛነፈው ሣህሉ ያቺን የብርጭቆ መርፌ ሲይዝ ይንዘፈዘፍ ነበር። ልጁን ከመንካቱ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ የገዛ ጭኑን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሲወጋ ሰነበተ። መርፌውን በፕሪምስ ምድጃ መቀቀል፣ ሲዶለዱም በድንጋይ መሳል፣ አየሩን ማስወጣት፣ ዛሬ ቀኝ ጭን ከሆነ ነገ ግራውን፤ ሁሉም ቀስ በቀስ እጁ ገባ። ላቀችም የልጅቷን እንጀራ በሚዛን እየመዘነች ማቅረብ ለመደች። እናት ለልጇ እንጀራ ስትመዝን ያየ ጎረቤት ምን እንዳለ መገመት አያቅትም።

አንድ ቀን ከመርፌው በኋላ ምሳ ዘገየና ብርቅዬ ላብ በላብ ሆነች፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ አንደበቷ ተሳሰረ። ክንፈ አስቀድሞ ነግሯቸው ስለነበር ስኳር በጥብጠው አጠጧትና ወዲያው ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣህሉ ሁለት አንኳር ስኳር በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረላት።

«ይህ ጣፋጭ አይደለም፣ መድኃኒት ነው» አላት። «እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው የምትፈቺው።»

«እሺ አባባ» አለች። እሺ ካለች እሺ ነው፤ በዚህ በኩል ልጅቷ አባቷን ነበር የምትመስለው።

የምርመራው ነገር ደግሞ የራሷ ሥራ ሆነ። በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ታደርጋለች፣ ከሽንቷ ስምንት ጠብታ ትጨምራለች፣ ታፈላዋለች። ሰማያዊ እንደሆነ ከቀረ ደህና ነው። አረንጓዴ ከሆነ ትንሽ ስኳር አለ፤ ቢጫ ከሆነ በዛ፤ ቀይ ከሆነ አደጋ ነው። ብርቅዬ ለቀለሞቹ ስም አወጣችላቸው፤ ሰማያዊውን ባሕር፣ አረንጓዴውን ደሴ፣ ቢጫውን አሸዋ፣ ቀዩን ጡብ አለቻቸው። በየመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣ ስስ ወረቀት ነበር፤ አንዱ ፊቱ በደቃቅ የጣሊያንኛ ጽሑፍ ተሞልቷል፣ ጀርባው ባዶ ነው። ወረቀት ሲባክን አትወድምና ጀርባው ላይ መስመር አስምራ የየቀኑን ትጽፍ ጀመር። «ጠዋት ባሕር፣ ማታ ደሴ።» ወረቀቶቹን በክር ሰፍታ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀለቻቸው። ሣህሉ ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው። የፊቱን ጽሑፍ ግን አንድም ቀን አላነበበውም። የእሱ ጣሊያንኛ ከወደብ የለቀመው፣ ከሳጥንና ከጆንያ በቀር ሌላ የማያውቅ ጣሊያንኛ ነው፤ ደግሞም ሐኪሙ ሁሉን ነግሮናል ብሎ ያምን ነበር።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ነገሩ ሁሉ ሰመረ። መድኃኒቱን በእርጥብ ጆንያ በተጠቀለለ እንስራ ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ጥግ አኖሩት። ብርቅዬ ሥጋ አወጣች፣ ትምህርት ቤት ተመለሰች፣ ከላቀች ጋር መጨቃጨቅ ሁሉ ጀመረች። ባሕርና ደሴ እየተፈራረቁ ወረቀቱን ሞሉት። ሣህሉም ሰው ሆኖ የመኖር ተስፋው ተመለሰ።

ሚያዝያ ሲጋመስ የአሰብ ሙቀት መጣ። ጆንያው ገና ውሃ ሲነካ ይደርቅ ጀመር፤ እንስራው ውስጥ እጅ ሲገባ ለብ ይላል። ክንፈ ሙቀት ይህን መድኃኒት ይገድለዋል ብሎ ነበርና ሣህሉ እንቅልፍ አጣ። መፍትሔው ከዘይኑ መጣ።

ዘይኑ የሐይቅ ልጅ ነው፤ አሰብ ከከተመ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ሱቁ ከእነ ሣህሉ ቤት ሁለት በር ያህል ይርቃል። በአገር ልጅነት ይዋደዳሉ። በዚያ ወር ረመዳን ስለገባ፣ ለማፍጠሪያ የሚሆን በረዶና አራንቻታ የሚባለውን የብርቱካን ለስላሳ አቀዝቅዞ ሊሸጥ ብሎ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ አስመጥቶ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ መጥቶ በሩን ከፍቶ ፊቱን አስገብቶ ሄዷል፤ ሣህሉም ጭምር።

«አምጣው የልጅቷን መድኃኒት» አለ ዘይኑ። ስድስቱን ጠርሙስ ተቀብሎ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከአራንቻታው አጠገብ አሰለፋቸው።

ሣህሉ በማግስቱ መጥቶ ጠርሙሱን ዳሰሰው። ቀዝቀዝ ብሏል እንጂ አልቀዘቀዘም። እንግዲህ አሰብ ውስጥ የኖረ ሰው ስለ ቅዝቃዜ ያለው ሃይማኖት አንድ ነው፤ ትንሽ ቅዝቃዜ ጥሩ ከሆነ ብዙ ቅዝቃዜ የበለጠ ጥሩ ነው። በረዶ የጎዳው ሰው በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም።

«ዘይኑ ወንድሜ» አለው፣ «እላይ በረዶ ቤቱ ውስጥ ብታደርግልኝ?»

«እዚያ እኮ የበረዶው ሣህን ነው ያለው።»

«ልጄ ናት፣ ዘይኑ።»

ዘይኑ በረመዳን፣ በረዶ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ወር፣ ሣህኑን አውጥቶ ጣለና ጠርሙሶቹን እዚያ አስገባቸው። ሣህሉ የዚያን ዕለት ዘይኑን መርቆ መርቆ አልወጣለትም። ከዚያ ወዲህ በየንጋቱና በየማታው እየመጣ አንዱን ጠርሙስ ከዘይኑ ሚስት ከሁሪያ እጅ ይቀበላል፤ እሷም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ታስረክበዋለች። ወግቶ ሲጨርስ ይመልሰዋል። ጠርሙሱ አንድም ቀን ሳይዘጋጅ ጠብቆት አያውቅም።

ጡቡ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ጡብ። ሣህሉ የቤቱ ብርሃን አሳስቶኝ ነው ብሎ ቱቦውን ውጭ አውጥቶ አየው። ጡብ ነው። ሐኪሙ በፈቀደው ልክ መድኃኒቱን ጨመረ፤ አሁንም ጡብ ነው። ክንፈን ጠየቀው።

«መድኃኒቱ ያው ነው፤ አወጋጉ ያው ነው» አለ ክንፈ እያሰበ። «የተለወጠ ነገር ካለ አፍ ነው። ልጅ ናት፤ ልጆች ሰውረው ይበላሉ።»

ይህ ቃል ሣህሉ ልብ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ብርቅዬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዘይኑ በር ነው የምታልፈው። በሩ ላይ የቴምር ዘንቢል ተደርድሯል፣ ወሩም ረመዳን ነው፤ ዘይኑ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ለሚያልፍ ልጅ ሁሉ እፍኝ ቴምር ካልሰጠ የጾመ አይመስለውም። ሣህሉ ሄዶ ጠየቀው።

«ወላሂ ለእሷ ሰጥቼ አላውቅም» አለ ዘይኑ። «ስታልፍ እንኳ ዘንቢሉን አታየውም። እኔ ነኝ አይቼ የማዝንላት።»

«አልበላሁም አባባ» አለች ብርቅዬም።

ሣህሉ ሁለቱንም ሰማ፤ ቱቦውን ግን አመነ። የጉምሩክ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ የለም ሲለው ሣጥን አስከፍቶ ሲያገኝ ዓመታት ቆጥሯል። ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስቀራት። ላቀች ጓዳውን ቆለፈች፣ ከእንጀራዋም ቀነሰችባት። ብርቅዬ እንደገና ውሃ አልበቃ አላት፣ እንደገና ከሳች። በወረቀቱ ላይ ከጡብ ጎን በትንሹ «አልበላሁም» እያለች መጻፍ ጀመረች። ጡብ፣ አልበላሁም። ጡብ፣ አልበላሁም። ይህ ጽሑፍ አባቷን ይበልጥ አናደደው። መዋሸቷ ሳያንስ በጽሑፍ ታጸናዋለች አለ።

ረመዳን ባለቀ በሳምንቱ፣ ማታ ቱቦው እንደገና ሲቀላ፣ ሣህሉ በጥፊ መታት። በዕድሜዋ መትቷት አያውቅም። ላቀች መሐል ገባች። ብርቅዬ ጉንጯን ይዛ መሬት መሬት እያየች «ሦስት ቴምር በልቻለሁ» አለች።

ሣህሉ ያን ማታ ምን እንደተሰማው ኋላ ላይ ለማንም አልተናገረም። የተሰማው እፎይታ ነው። ምክንያቱ ታወቀ፤ ምክንያቱ ከታወቀ ይስተካከላል። ይቅርታ አድርጎላት፣ አቅፏት፣ እንቅልፍ ጠግቦ ተኛ።

ጡቡ ግን አልተወም። በሦስተኛው ቀን ሲጠይቃት «ዛሬም ሦስት» አለች። ፊቱን አየችና «አምስት» አለች። በር ተቆልፎባት የምትውል ልጅ አምስት ቴምር ከየት እንደምታገኝ አባቷ አልጠየቀም። ወረቀቱ ላይ «አልበላሁም» የሚለው ቀረ። ጡብ ብቻ ሆነ።

የሰኔ ሚካኤል በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ብርቅዬ ያስመልሳት ጀመር። ትንፋሿ ረጅምና ከባድ ሆነ፤ ቤቱን የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ ሽታ ሞላው። ክንፈ ተጠርቶ መጣ። «ቶሎ መድኃኒት፣ አሁኑኑ» አለ። ሣህሉ መርፌውን ላቀች እንድትቀቅል ነግሮ ወደ ዘይኑ ሮጠ። በዚያ ሰዓት ሄዶ አያውቅም። ሁሪያ ለቅሶ ሄዳ ነበር፤ ዘይኑ ራሱ ተነሥቶ ፍሪጁን ከፈተ።

የበረዶ ቤቱ ግድግዳ ነጭ ሆኗል። ጠርሙሶቹ ከበረዶው ጋር ተጣብቀው አልነቃነቅ አሉ። ዘይኑ በቢላዋ ጠርዝ ፈልቅቆ አንዱን አወጣ። ሣህሉ ተቀብሎ ገለበጠው። ውስጡ አልተንቀሳቀሰም። ደንጊያ ሆኗል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለ ዘይኑ። «ሁሪያ ናት አሟሙታ የምትሰጥህ። ሌሊት ለስሑር ምግብ ስትነሣ ታወጣውና በሁለት መዳፏ ይዛ ታቀልጠዋለች። ረመዳን ካለቀ በኋላም ለሶላት ስትነሣ ያው ነው፤ ማታም እንዲሁ። ልጅቷን እንዳይበርዳት፣ አንተም ቆመህ እንዳትጠብቅ ብላ ነው። አልነገረችህም?»

አልነገረችውም። ያደረገችውን በጎ ነገር የምታወራ ሴት አልነበረችም።

ሣህሉ ጠርሙሱን በእጁ ጨብጦ ተመለሰ። ክንፈ አይቶት ደነገጠ፤ እሱም ስለ በረዶ የሚያውቀው ነገር የለም። «ከካርቶኑ ጋር የሚመጣ ወረቀት አልነበረም?» ሲል ጠየቀ። ሣህሉ ከአልጋው ራስጌ የተሰፉትን ወረቀቶች አወረደ። ክንፈ በጣሊያኖች ዘመን ሆስፒታል የሠራ ሰው ስለሆነ ቋንቋውን ያነባል። የብርቅዬን ጽሑፍ ወደ ታች ገለበጠና የታተመውን ፊት በጣቱ እየተከተለ ወረደ፤ ከዚያ ጣቱ ቆመ።

«ከሙቀት ይጠበቅ ይላል። በረዶ ከሠራ ግን ኃይሉን ያጣል፣ ይጣል እንጂ አይወጋ ይላል።»

«ሁሉም ላይ ነው ያለው?» አለ ሣህሉ።

ክንፈ አንድ በአንድ ገለጣቸው። ሁሉም ላይ ነበር። ሣህሉ ከጀርባ በኩል እያየ ነው የተከተለው፤ ጡብ፣ አልበላሁም፣ ጡብ፣ አልበላሁም፣ ጡብ፣ ጡብ።

ሌላ መድኃኒት አሰብ ውስጥ አልነበረም። ክንፈ ወደብ ወርዶ የቆሙትን ሁለት መርከቦች ጠየቀ፤ አንዱም የለውም። ወደ አስመራ ቴሌግራም ተመታ። አውሮፕላኑ የሚመጣው ሐሙስ ነው። የበረደውን አቅልጠው፣ ጥቂት ኃይል ቀርቶት ቢሆን ብለው፣ ደጋግመው ወጓት። ላቀች ጠርሙሱን በጡቶቿ መሐል ይዛ ስታቀልጥ አለቀሰች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሣህሉ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ብርቅዬ ዓይኖቿን በግማሽ ገልጣ ነበር፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ብርቅዬ፣ ስሚኝ ልጄ። አልበላሽም። አንቺ ምንም አልበላሽም። መድኃኒቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በረዶ ውስጥ አስቀምጬው ነው። አውቄያለሁ አሁን፤ አንድም ቴምር አልበላሽም።»

ልጅቷ አየችው። እንደገባት ወይም እንዳልገባት ሊያውቅ አልቻለም። ለመናገር ምራቅ ፈለገች፤ ላቀች በጥጥ ውሃ ነካ አደረገችላት።

«ሁለተኛ አልበላም፣ አባባ» አለች።

«አልበላሽም እኮ ነው የምልሽ፣ ልጄ። አልበላሽም።»

«ሁለተኛ አልበላም።»

ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም። ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አረፈች፤ በዚያ ሙቀት ሬሳ አያድርምና በዕለቱ ተቀበረች።

ሐሙስ ዘይኑ ሳይነገረው አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ መድኃኒቱን ተቀብሎ መጣ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከለቅሶው ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆመ። የት እንደሚያኖረው ጨንቆት ነበር። ሣህሉ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወሰደው።

«ለሁሪያ ነግረሃታል?» አለው።

«አልነገርኳትም። ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች።»

«እንዳትነግራት። በረዶ ቤት አስገባ ያልኩህ እኔ ነኝ። እሷ እጇን ነው ያበረደችው።»

ዘይኑ ራሱን ነቀነቀ። ሣህሉ ጥቅሉን ተቀበለውና ሌላ ማድረጊያ ስላጣ ወደ ጥጉ ሄዶ ጆንያውን ውሃ ነክሮ፣ እንስራውን ጠቅልሎ፣ ጠርሙሶቹን በትክክል አስቀመጣቸው።

ለቀስተኛው ሲቀልል፣ በሰባተኛው ቀን፣ ላቀች የልጅቷን ልብስ ለድሃ ልትሰጥ ታጣጥፍ ጀመር። ነጠላውን ስታነሣ ጫፉ ላይ የከበደ ነገር ነካት። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሷ ፈታችው። ብርማው ወረቀት በላብ ወይቦ፣ ጠርዙ ተልጦ ነበር። ገልጣ አየችና ለሣህሉ ዘረጋችለት። ሁለቱም አንኳር ስኳር እንዳለ ነው።